ካሜራችሁን ወደ በራችሁ መልሱት

የአዲስ አበባ አጥር ታሪክ አለው። በመጀመሪያ ቁጥቋጦና እሾህ ነበር። ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ፤ ከዚያ ብሎኬት። በብሎኬቱ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተከለ፤ ከስባሪው በላይ የሽቦ እሾህ ተጠቀለለ፤ አቅም ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨመረበት። አሁን ደግሞ በበሩ ማዕዘን ላይ ነጭ ካሜራ ተሰቅሏል።

እስከ ዛሬ በአጥራችን ላይ የጨመርነው ነገር ሁሉ ሥራው መከልከል ነበር። እሾሁ ይወጋል፣ ጠርሙሱ ይቆርጣል፣ ሽቦው ይነዝራል። ካሜራው ግን አይከለክልም። ያያል፣ ይመዘግባል፣ ያስቀምጣል። የሚያየው ደግሞ የባለቤቱን ግቢ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያለውን የጎረቤት በር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን፣ ሱቅ ደርሳ የምትመጣ የቤት ሠራተኛን፣ ማታ ማን ከማን ጋር እንደገባ ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ የቤታችን ካሜራ ማየት ያለበት መንገዱን ሳይሆን በራችንን ነው። ይህን የምለው ለጎረቤት ክብር ብቻ ብዬ አይደለም። መንገዱን ሁሉ የሚያይ ካሜራ ሌባውንም ስለማይለይ ነው። በዚህ ጉዳይ ጨዋነትና ቴክኒክ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ እንዲህ የሚገጣጠሙበት ነገር ብዙ አይደለም።

በቅድሚያ ግን ካሜራ የሚገዛውን ሰው እንረዳው። ፍርሃቱ የፈጠራ አይደለም። ውጭ ያደረ መኪና ስፖኪዮው ተነቅሎ ይገኛል። የውሃ ቆጣሪ ከነነፍሱ ይጠፋል። ዘበኛ መቅጠር ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ሆኗል፤ የቀጠረውም ቢሆን ዘበኛው ሌሊት መንቃቱን እርግጠኛ አይደለም። እናም ሰውዬው መርካቶ ወርዶ ካሜራ ቢገዛ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የምንወያየው ስለ መግዛቱ ሳይሆን ስለ አገዛዙና ስለ አሰቃቀሉ ነው።

■ ካሜራው «ማን ነው?» የሚለውን ይመልሳል?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አበው። ካሜራ በባሕርይው እንዲህ ያለ ውሻ ነው። ፈሪ ሌባን ያባርር ይሆናል፤ የቆረጠውን ግን አያስቆመውም። ዋና ጥቅሙ ከድርጊቱ በኋላ ነው፦ ማን ነበር? በስንት ሰዓት? በየት ገብቶ በየት ወጣ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ካልመለሰ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው።

ብዙዎቻችን ካሜራ ስንገዛ የምንጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብለን ነው። ሻጩም ደስ ብሎት ትልቁን ቁጥር ይነግረናል። መጠየቅ ያለብን ግን «በስንት ሜትር ርቀት ላይ የሰውን ፊት ይለያል?» ብለን ነበር።

ይህን በቀላል ስሌት እንየው። በአውሮፓ የክትትል ካሜራ መለኪያ መሠረት የማናውቀውን ሰው ማንነት በምስል ለመለየት፣ ሰውዬው በቆመበት ቦታ አንድ ሜትር ስፋት በ250 ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች፣ መሸፈን አለበት። አሁን በየቤቱ የሚሰቀለው የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በጎን 1920 ነጥቦች አሉት። 1920 ለ250 ሲካፈል 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ካሜራው ከ7.7 ሜትር የሰፋ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲያይ ፊት የመለየት አቅሙን ያጣል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ በስንት ርቀት ነው? በሌንሱ ይወሰናል። በብዛት የሚሸጠው ሌንስ 2.8 ሚሊሜትር ነው። ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋ ሰፊ እይታ ስላለው ገዢ ይወደዋል፤ ሁሉን ነገር ያሳያላ! ነገር ግን 7.7 ሜትሩን ስፋት የሚሞላው ከካሜራው 3 ሜትር ፈቀቅ እንዳልን ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ጥላነት ይለወጣል። 10 ሜትር ላይ ያው ካሜራ 24 ሜትር ያህል ስፋት ይሸፍናል፤ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 80 ነጥብ ብቻ ነው። ሰው ማለፉን እናያለን፤ ጃኬቱ ጥቁር መሆኑን እናያለን፤ ማን መሆኑን አናይም።

4 ሚሊሜትር ሌንስ ርቀቱን ከ4 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። 6 ሚሊሜትር ደግሞ እይታውን አጥብቦ ከ7 ሜትር በላይ ይወስደዋል። ይህ ሁሉ ግን ቀን ነው፤ በጨለማ፣ በሚሮጥ ሰው ላይ፣ በጭጋግና በዝናብ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል።

የስሌቱ ትርጉም ይኸው ነው። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያይ የሰቀልነው ካሜራ በሕግ ፊት «ይህ እገሌ ነው» የሚያሰኝ ምስል አይሰጠንም። የሚሰጠን የሰፈሩን ሰው ውሎና አዳር ነው። ጎረቤቶቻችንን ግን ቀድመን ስለምናውቃቸው በአረማመዳቸው፣ በነጠላቸው፣ በመኪናቸው እንለያቸዋለን። ስለዚህ ሰፊው ካሜራ የሚለየው የምናውቀውን ሰው ነው፤ የማናውቀውን ሌባ አይለይም። ለስርቆት መከላከያ ብለን ገዝተን የጎረቤት መዝገብ ይዘን ቁጭ አልን ማለት ነው።

■ እንዴት ይሰቀል?

ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል የሚል እምነት አለ። ሌባ እንዳይደርስበት ተብሎ ከሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ከዚያ የሚታየው የኮፍያ አናት ነው። ለፊት የሚመቸው ከፍታ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ነው፤ በእጅ በቀላሉ አይደረስበትም፣ ፊትም ያሳያል። ወደ ታች ያለው ዘንበል ማለትም ጥቂት ይሁን። እንዳይሰረቅ የሚፈራ ሰው ሌላ ካሜራ ከፍ አድርጎ ቢሰቅልና አንዱ ሌላውን ቢጠብቀው ይሻላል እንጂ ብቸኛውን ካሜራ ሰማይ ላይ ማውጣት አይጠቅምም።

ቦታው የት ይሁን? ሰው ቆም የሚልበት ቦታ። የውጭ በር መጥሪያ ጋ፣ መቆለፊያው ጋ፣ ቆጣሪው ጋ፣ ከአጥር ዘሎ የሚወርድበት የግቢው ማዕዘን። ሌባም እንግዳም እዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆማል፤ ፊቱም ወደ በሩ ይዞራል። እነዚያ ሦስት ሰከንዶች ከመንገድ ላይ የሦስት ሰዓት ቅጂ ይበልጣሉ።

ስለ ብርሃን ደግሞ። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ ካሜራ ፀሐይን በቀጥታ ያያል፤ በበሩ የሚገባው ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከተቻለ አቅጣጫውን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አድርጉት፤ ካልተቻለ ብርሃንና ጥላን የማመጣጠን አቅም ያለውን ምረጡ። ሌሊት ካሜራው የራሱን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫል። ሌንሱ አጠገብ ነጭ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ወይም የዛፍ ቅጠል ካለ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኑን ያሳውረዋል። ሸረሪትም ሙቀቱንና ወደ ብርሃኑ የሚመጡትን ነፍሳት ስለምትወድ ሌንሱ ፊት ድሯን ታደራለች። ስለዚህ በወር አንዴ በጨርቅ መጥረግ የጥበቃው አካል ነው። በሩ ላይ አንድ ተራ አምፖል ማብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውድ ካሜራ ከመግዛት የበለጠ ፊትን ያሳያል።

ክረምቱንም አትርሱ። የውጭ ካሜራ ቢያንስ አይፒ 66 የተባለው የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ ይኑረው። ከካሜራው በባሰ የሚበላሸው ግን የገመዱ መገጣጠሚያ ነው። መገጣጠሚያው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ውጭ ከተንጠለጠለ ሐምሌ ሳያልቅ ይዝጋል። ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ገመዱም ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድ፣ ዝናቡ ተከትሎት ወደ ውስጥ እንዳይገባ።

■ መብራት ሲጠፋ፣ ሰዓቱ ሲሳሳት

አንድ ቀላል እውነት አለ፦ መብራት ሲጠፋ አብዛኛው ካሜራ ይታወራል፤ ለሌባ ደግሞ የሚመቸው ያ ሰዓት ነው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጡት ትንንሽ ባትሪዎች የቮልቴጅ መጠናቸው ከተስማማ ካሜራንም ለተወሰኑ ሰዓታት ይይዛሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩት ካሜራዎችም አሉ። እነዚህ ግን ባትሪ ለመቆጠብ እንቅልፍ ላይ ይቆዩና እንቅስቃሴ ሲሰማቸው ይነቃሉ፤ እስኪነቁ ድረስ ያለፈው ሰከንድ አይመዘገብም። ፈጥኖ ያለፈ ሰው ጀርባው ብቻ ሊቀረጽ ይችላል። ይህን አውቆ መግዛት ነው።

ቅጂው የት ይቀመጣል? አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀርጽ በቀን ወደ 22 ጊጋባይት ይሞላል። 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ስድስት ቀን ያህል ይዞ አሮጌውን በአዲስ ይተካል። አራት ካሜራ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ስርቆት ከተፈጸመ በሁለተኛው ሳምንት «እስቲ ካሜራውን እንየው» ማለት ዋጋ የለውም። በዚያው ዕለት ቅጂውን በፍላሽ አውጡት። መቅረጫ ሣጥኑን፣ ዲቪአር የምንለውን፣ ደግሞ ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር አታስቀምጡት። ቤት የገባ ሌባ ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ማስረጃውንም አብሮ ይወስደዋል።

በእኛ አገር የተለየ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ሰዓት ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በቻይና ሰዓት ተሞልተው ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ ሰዓት በአምስት ሰዓት ይቀድማል። የውስጥ ባትሪያቸው ሲሞት ደግሞ ቀኑን ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመልሱታል። በዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር አለ። ምስክሩ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው» ይላል፤ ካሜራው 02:00 ይላል፤ መሣሪያው ካልተስተካከለ ደግሞ 07:00 ይላል። መርማሪ ፊት ሦስት የተለያየ ሰዓት ይዞ መቅረብ ለተከሳሽ ጠበቃ ስጦታ ነው። ካሜራ በተሰቀለ ዕለት መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም ይታይ።

■ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳይ እንጠጋለን። ካሜራ ዓይን ከሆነ፣ በዚያ ዓይን የሚያየው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ያሉ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰብሮ ሠራዊት አደረጋቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በዚህ ሠራዊት በተከፈተ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጎሉ። ሰብሮ የገባበት ዘዴ አስደናቂ ጥበብ አልነበረውም። 60 ያህል የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር የገባው። ባለቤቶቹ ያልቀየሯቸውን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም፣ በእኛም ገበያ በሰፊው የሚሸጡት የሂክቪዥን ካሜራዎች ያለ ይለፍ ቃል ጭምር ሊያስገባ የሚችል ከባድ ክፍተት ተገኝቶባቸው ኩባንያው ማስተካከያ አወጣ። ማስተካከያው የሚጠቅመው ግን ለጫነው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ የአማዞን ንብረት የሆነው ሪንግ ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ እንዲያዩ በር ከፍቷል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ስለዚህ ጉዳዩ የቻይና ወይም የአሜሪካ ዕቃ የመምረጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሩቅ አገር ነው አትበሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሮይተርስ እንደዘገበው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የጥበቃ ካሜራዎች ቅጂ በሰርጎ ገቦች እየተወሰደ መሆኑ ታውቆ ነበር። ጥርጣሬው ወደ ቻይና ሰርጎ ገቦች ያመለከተ ሲሆን ቻይና አስተባብላለች። የራሱ የቴክኒክ ባለሙያዎች ያሉት አህጉራዊ ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሉ ከአንድ እስከ ስድስት የተደረደረ ቁጥር የሆነ የእኛ ግቢ ምን ይመስላል?

ነገር ግን ለአብዛኛው ቤት የቅርቡ አደጋ ሰርጎ ገብ አይደለም። ገጣሚው ነው። ካሜራ የሚገጥመው ወጣት ሥራውን ለማቀላጠፍ ሲል አካውንቱን በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል ይከፍታል፤ ለባለቤቱ ደግሞ «አጋርቼሃለሁ» ይለዋል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ግቢውን ሲያይ ደስ ይለዋል። የግቢው ባለሥልጣን ግን ገጣሚው ነው። እሱ ከፈለገ ያያል፣ ከፈለገ ይሰርዛል፣ ከፈለገ ባለቤቱን ራሱን ያስወጣዋል። አብዛኞቹ ገጣሚዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ስልካቸው የጠፋ ዕለት ግን በክፉ ሰው እጅ የሚገባው የአንድ ሰው ግቢ ብቻ አይሆንም። ስለዚህ አካውንቱ በእናንተ ስልክ፣ የይለፍ ቃሉ በእናንተ ጽሑፍ፣ ገጣሚው በር ላይ ሳለ ይከፈት። የቤት ቁልፍ ሲሠራ አንዱን ቅጂ ለቁልፍ ሠሪው የሚተውለት ሰው አለ እንዴ?

ሌላው ባለ ዓይን የውጭ አገር ዘመድ ነው። ዋሽንግተን ያለ ልጅ ለእናቱ ካሜራ ይልካል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እናት ብቻቸውን ናቸው፣ እሱም ሩቅ ነው። ነገር ግን እናት ልብስ ሲያሰጡ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጡ፣ ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቁ ሁሉ እየታዩ መሆኑን ያውቃሉ? ስንት እህትና ወንድም፣ ስንት የአጎት ልጅ በዚያ አፕ ላይ አለ? ጠይቆ መስቀል የልጅነት ወግ ነው። «እማዬ፣ በሩን ብቻ እንዲያይ ላድርገው ወይስ ግቢውንም?» ማለት ምን ይከብዳል?

■ ፊት ለፊት ያለው በር

የጎረቤትን ጉዳይ ሕግ ሳይሆን ጉርብትና ይጨርሰው የሚል ሰው አለ። እስማማለሁ፤ ግን ሕጉም ዝም አላለም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና መጠበቅ መብት አድርጎ ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ግን የተለየ መንገድ ይከፍታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ ተቆጣጣሪነቱ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሰው መረጃ ለታወቀ ዓላማ ይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቀመጥ።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ ጥያቄ ቀደም ብለው ፍርድ ቤት አድርሰውታል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ከቼክ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ የቤት ካሜራ የሕዝብ መንገድን የሚቀርጽ ከሆነ «ይህ የግል የቤት ውስጥ ጉዳዬ ነው» ተብሎ ከዳታ ሕግ ማምለጥ እንደማይቻል ወሰነ። ሰውዬው ካሜራውን የሰቀለው ቤቱ ተደጋጋሚ ጥቃት ስለደረሰበት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ቤትን መጠበቅ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ እውነተኛ ጥቅም መሆኑን አልካደም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በእንግሊዝ ኦክስፎርድ አንድ ፍርድ ቤት የአንድ ሰው የቤት ካሜራዎች የጎረቤቱን የግል ሕይወት እንደነኩ ፈረደ። ዳኛዋ ከምስሉ የባሰ ያሉት ድምፁን ነበር፤ ካሜራው ሰዎች ሳያውቁ ንግግራቸውን ከሩቅ ይቀዳ ነበርና።

ይህ የድምፅ ነገር ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል። የእኛ ሰው የልቡን የሚያወራው በር ላይ ነው። እንግዳ ሲሸኝ፣ አጥር ተደግፎ፣ ከእድር ሲመለስ። የፖለቲካውም፣ የቤት ገበናውም፣ የሐሜቱም ቦታ በር ነው። ከበሩ በላይ ማይክሮፎን ያለው መሣሪያ መኖሩን ስንቱ ሰው ያውቃል? በካሜራችሁ ቅንብር ውስጥ የድምፅ መቅጃ ማጥፊያ አለ። ሌባ በድምፁ ብዙም አይያዝም፤ ጎረቤት ግን ይያዛል። አጥፉት።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጉዳዩ ይጠባል። ኮሪደሩ ጠባብ፣ በሮቹ ትይዩ ናቸው። በራችን ላይ የሰቀልነው ካሜራ የሚያየው የጎረቤትን ሳሎን ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር። እዚያ ካሜራው ወደ ታች፣ ወደ ራሳችን ምንጣፍ ይዙር። ብዙዎቹ ካሜራዎች ደግሞ ከምስሉ ላይ የተወሰነ ቦታ በጥቁር የሚሸፍን ቅንብር አላቸው፤ የጎረቤትን በርና መስኮት በዚያ መሸፈን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በግቢያችን ውስጥ ያሉትን ደግሞ አንርሳ። ዘበኛና የቤት ሠራተኛ የሚኖሩት በእኛ ግቢ ነው፤ ሕይወታቸው ግን የእኛ ንብረት አይደለም። ካሜራ ወደ ሠራተኛ ክፍል በር፣ ወደ መታጠቢያ፣ ወደ ልብስ ማስጫ ማዞር ጥበቃ አይባልም። የተሰቀለበትን ቦታ፣ የሚያየውን ነገር፣ ማን እንደሚያየው በግልጽ ንገሯቸው። ሳይነገረው የሚታይ ሰው እንደተጠረጠረ ይቆጥረዋል፤ አልተሳሳተም።

■ «የእኔ ካሜራ እኮ ሰፈሩን ጠቅሟል»

የሚነሳውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ ክብደትም አለው። መንገዱን የሚያይ ካሜራ የጎረቤትን መኪና የገጨውን አሳይቷል፣ የጠፋ ልጅ በየት እንዳለፈ ጠቁሟል፣ ሌባው በየት አቅጣጫ እንደሮጠ ነግሯል። «ፊት ባይለይም አቅጣጫ ይነግራል፤ ይህም ትንሽ አይደለም» የሚል ሰው እውነት አለው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንል ሕዝብ ስለሆንን የሰፈር ካሜራ የሰፈር ዓይን ነው ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው።

መልሴ ይህ ነው። የሰፈር ዓይን ከሆነ የሰፈሩ ይሁን። ለጥበቃ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰፈር ለካሜራም ሊያዋጣ ይችላል። መግቢያና መውጫው ላይ፣ በሚታይ ቦታ፣ «በዚህ ካሜራ አለ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ። አራት ነገር ብቻ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፦ ቅጂውን ማን ይይዛል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ለማን ይሰጣል፣ ማን ሲጠይቅ ይታያል። አንድ ሰው በራሱ ስልክ ላይ ብቻውን መንገዱን ሲመለከት፣ ሰፈሩ ደግሞ ተስማምቶ ሲመለከት ምስሉ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ተመልካቹ ለሰፈሩ መልስ መስጠት ያለበት መሆኑ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ምስሉ ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲወጣ ነው። «ይህን ሌባ የምታውቁ» ተብሎ ብዥ ያለ የሰከንዶች ቪዲዮ ይለጠፋል። በ10 ሜትር ርቀት፣ በሌሊት የተቀረጸ ጥላ። ጥላው የአንዱን የሰፈር ልጅ ይመስላል። አስተያየት ሰጪው ስም ይጠራል፤ ሌላው አድራሻ ይጨምራል። ክስ የተመሠረተበት ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተሰጥቶታል፤ የቴሌግራም ተከሳሽ ግን ይግባኝ የለውም። ፖሊስ ጣቢያ ይዞ መሄድ አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ መልስም ላይገኝ ይችላል። ቢሆንም ፊት የማይለይ ካሜራ ይዞ ፍርድ መስጠት ከሌባው የከፋ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። የሌባው ኪሳራ ስፖኪዮ ነው፤ የዚህኛው የሰው ስም።

■ ዛሬ ማታ የሚሠራ

ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ ማታ ይህን ሞክሩት። አንድ የቤተሰብ አባል ኮፍያ አድርጎ፣ የበር መብራት ጠፍቶ፣ ውጭ በሩ ላይ ይቁም። ከዚያ አሥር እርምጃ ርቆ መንገድ ላይ ይቁም። ሁለቱንም ቅጂ እሱን ለማያውቅ ሰው አሳዩና «ይህ ሰው ከነዚህ ሦስት ፎቶዎች የቱ ነው?» በሉ። በሩ ላይ የተለየ፣ መንገድ ላይ ያልተለየ ከሆነ ካሜራው የት መዞር እንዳለበት ራሱ ነግሯችኋል። በሁለቱም ካልተለየ ዝቅ አድርጉት፣ አቅርቡት፣ መብራት ጨምሩለት።

ገና የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር እንዲያነብላችሁ ሳይሆን፣ ያው ሞዴል በሌሊት የቀረጸውን ቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። በርካታ ቦታ የሚያይ አንድ ካሜራ ከመግዛት አንድ ቦታ አጥርቶ የሚያይ ይሻላል።

ከዚያ ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት አንኳኩና ስልካችሁን አሳዩት፦ «ካሜራ ሰቅያለሁ፤ የሚያየው ይህን ነው፤ የአንተ በር አይገባም።» ይህን ለማለት የሚያሳፍር ምስል ስልካችሁ ላይ ካለ ካሜራው መዞር አለበት። የማያሳፍር ከሆነ ደግሞ ሌባ የመጣ ዕለት ሁለተኛው ዓይናችሁ፣ መብራት ሲጠፋም የማይጠፋው፣ ያ ጎረቤት ነው።